የያዘውን የለቀቀ ወረቀት፦ ስለ ጀርመን የችግር ገንዘብና ስለ እኛ አሮጌ ብር አሰባሰብ

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል የሀገራችን ሰው። ቃል ይታጠፋል፣ ምስክር ይሞታል፤ በወረቀት የሰፈረ ግን ጸንቶ ይኖራል ማለቱ ነው። የወረቀት ገንዘብን ታሪክ የተከታተለ ሰው ግን ተረቱ በግማሽ ብቻ እንደሚሠራ ያውቃል። ወረቀት የተጻፈበትን ቁጥር አይለቅም፤ ቁጥሩ የቆመለትን ዳቦ፣ ማገዶና የወር ደመወዝ ግን አንድ ቀን ይለቃል። ይህን በእጁ ይዞ ማየት የሚሻ ሰው ጀርመኖች «ኖትጌልድ» የሚሉትን፣ እኛ «የችግር ገንዘብ» ብንለው የሚስማማውን ወረቀት ይመልከት።

በሚኔያፖሊስና በሴንት ፖል ለምንኖር ወረቀቱ ሩቅ አይደለም። ሚኔሶታ ጀርመኖች በብዛት የሰፈሩባት ግዛት ናት፤ ኒው ኧልምን የመሰለችውን ከተማ የቆረቆሩት እነርሱ ናቸው። የችግር ገንዘብ በአሮጌ ዕቃ መሸጫዎችና በሳንቲም ሰብሳቢዎች ገበያ በፕላስቲክ ኪስ ተደርድሮ ይገኛል፤ ብዙው ከጥቂት ዶላር በማይበልጥ ዋጋ ይሸጣል። ከእኛም ወገን የሚሰበስቡ አሉ። ይህን ጽሑፍ የሚጽፈውም ከእነርሱ አንዱ ነው፤ ሕክምና የተማርኩት በላይፕሲክ በመሆኑ የወረቀቶቹን ቋንቋ አነባለሁ። እንግዲህ የዚህ ሂስ ዓላማ ሰብሳቢውን ማጣጣል ሳይሆን የምንሰበስብበትን ሚዛን መመርመር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በነሐሴ 1914 ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የጀርመን መንግሥት ወረቀትን በወርቅ መለወጥ አቆመ፤ ሕዝቡም የብርና የወርቅ ሳንቲሙን ሸሸገ። ባለሱቅ መልስ የሚሰጥበት፣ ፋብሪካ ደመወዝ የሚከፍልበት ዝርዝር ጠፋ። ያን ጊዜ ማዘጋጃ ቤቶች፣ የቁጠባ ባንኮችና ኩባንያዎች የየራሳቸውን ወረቀት አሳተሙ። በብዙዎቹ ላይ የሚነበበው ቃል «ጉትሻይን» ነው፤ እኛ ቦኖ የምንለው ዓይነት ማለት ነው። ወረቀቱ የከተማይቱ ካዝና ለአምጪው ይህን ያህል እንደሚከፍል የሚገልጽ የዕዳ ቃል ነበር። በግርጌው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ማስጠንቀቂያ ይነበባል፤ በአካባቢው ጋዜጣ ማስታወቂያ ከወጣ ከአንድ ወር በኋላ ወረቀቱ ዋጋ እንደሚያጣ ይናገራል። ጋዜጣ ያላነበበ ሰው ዕዳውን የሚጠይቅበት መንገድ አልነበረውም። ይህችን የግርጌ መስመር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ እርሷ እንመለሳለን።

የችግር ገንዘብ በአጠቃላይ ሲታይ ሁለት ወገን ነው። አንደኛው በተለይ በ1921 እና በ1922 በተከታታይ የታተመው ነው። ከተሞች ሰብሳቢዎች ወረቀታቸውን እንደሚሻሙ በተረዱ ጊዜ ተረታቸውን፣ ካቴድራላቸውንና ቀልዳቸውን በደማቅ ቀለም እየሳሉ ለገበያ አወጡ። ሐመልን በዋሽንቱ አይጦችን ከከተማ ያስወጣውን ሰው ሣለች። ቢለፌልድ በቁጠባ ባንኳ በኩል በሐርና በበፍታ ላይ ሳይቀር አተመች፤ ኦስተርቪክ በቆዳ ላይ አተመች፤ ማይሰን ስመ ጥር በሆነችበት ፖርሴሊን ሳንቲም ሠራች። አንዳንዱ ወረቀት ገና ሲሸጥ የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት ነበር።

የንግዱ ምሥጢር ቀላል ነው። ከተማይቱ ለ50 ፌኒግ ወረቀት 50 ፌኒግ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትቀበላለች። ገዢው ወረቀቱን በአልበም ያኖረዋል እንጂ ወደ ካዝናው መልሶ አያቀርበውም። ያልቀረበ ወረቀት የማይከፈል ዕዳ ነው፤ የማይከፈል ዕዳ ደግሞ ለአውጪው ንጹሕ ትርፍ ነው። በሐምሌ 1922 የወጣ ሕግ የችግር ገንዘብ ማሳተምን ከለከለ፤ ዳሩ ግን የመገበያያ ወረቀት እጥረት ብዙም ሳይቆይ ሕጉን አሸነፈው።

ሁለተኛው ወገን የ1923 ነው። በጥር ወር የፈረንሳይና የቤልጅግ ወታደሮች የሩርን የኢንዱስትሪ ምድር ያዙ። የጀርመን መንግሥት በተቃውሞ ሥራ ላቆሙት ሠራተኞች የሚከፍለውን ከማተሚያ ቤት አወጣው። በሐምሌ 1914 አንድ የአሜሪካ ዶላር በ4.2 ማርክ ይመነዘር ነበር፤ በኅዳር 1923 በ4.2 ትሪሊዮን ማርክ ተመነዘረ። ማርክ ከነበረው አንድ ትሪሊዮንኛ ሆነ ማለት ነው። (ጀርመኖች «ቢሊዮን» የሚሉት የእኛን ትሪሊዮን ስለሆነ ጀማሪ ሰብሳቢ ወረቀቱን ሲያነብ ይሳሳታል።) የመንግሥቱ ባንክ በ1922 ያሳተመውን የ1,000 ማርክ ወረቀት አውጥቶ «አንድ ሚሊያርድ ማርክ» የሚል ቀይ ማኅተም መታበት። የምድር ባቡሩ የራሱን ወረቀት አወጣ፤ አስፒሪኑን የምናውቀው የባየር ፋብሪካም አወጣ። በቱሪንገን የሄርበርት ባየር ንድፍ ያረፈባቸው የሚሊዮን ማርክ ወረቀቶች ታትመዋል፤ አብዛኛው የ1923 ወረቀት ግን በጥድፊያ የተሠራ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ገጽ ብቻ የታተመ፣ ጌጥ የሌለው ነው። በኅዳር 15 ቀን 1923 ሬንተንማርክ የተባለው አዲስ ገንዘብ ወጣ፤ አንዱ ሬንተንማርክ በአንድ ትሪሊዮን የወረቀት ማርክ ተተመነ። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመ ጡረተኛ በዚህ ልውውጥ ያገኘው እዚህ ግባ የማይባል ነበር።

አሁን ወደ አልበሙ እንመለስ። በሰብሳቢዎች ዘንድ በክብር የሚታየው የትኛው ወገን ነው? ባለ ሥዕሉ ነው። በብዛት ንጹሕ ሆኖ የተረፈውም እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ዳቦ አልገዛም፣ ከእጅ ወደ እጅ አላለፈም። የሰብሳቢዎች ሚዛን ወረቀትን ከ1 እስከ 70 በሚደርስ ነጥብ ይለካል፤ ከፍተኛው ነጥብ ማንም ላልነካው ይሰጣል። ያልታጠፈ፣ ያልወዛ፣ ጥግ ያልጎደለው ወረቀት ከተጠቀሙበት ወረቀት ብዙ እጥፍ ያወጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ከሚኔሶታ ገበያ የገዛውን ውብ አልበም ገልጦ የዋጋ ንረቱን ዘመን ልይ ቢል፣ የሚያየው ተረት፣ ዋሽንትና የወይን ጠጅ በርሜል ነው። ጭንቁ በአልበሙ ውስጥ የለም። ጭንቁን የተሸከመው ወረቀት ስለቆሸሸ ተጥሏል፣ ወይም ከሣጥኑ ግርጌ በርካሽ ተቆልሏል።

ለሐኪም ይህ ሚዛን የተገለበጠ ነው። ጠባሳ የሌለው ገላ ለዓይን ያምራል፤ ስለ ሰውዬው ኑሮ ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። በመዳፍ ያለ የሞፈር ምልክት፣ በክርን ላይ ያለ የቃጠሎ ጠባሳ፣ በሳንባ ፎቶግራፍ ላይ የሚታይ የዳነ ነቀርሳ በቃል ያልተነገረውን ይናገራሉ። በወረቀት ገንዘብም እንዲሁ ነው። በአራት የታጠፈ ወረቀት በኪስ ኖሯል፤ በስምንት የታጠፈ ግን ተደብቋል። ጠርዙ በመርፌ የተበሳ ወረቀት በልብስ ዘርፍ ተሰፍቶ ተጉዟል። ሻጩ ይህን ሁሉ «ጉድለት» ብሎ ይጽፈዋል።

ወደ ራሳችን ወረቀት ከመሻገራችን በፊት በምንኖርበት ከተማ የሆነውን እናንሣ። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ በ1932፣ ጆርጅ መክለንበርግ የተባሉ የሜቶዲስት ቄስ በሚኔያፖሊስ የሥራ አጦች ማኅበር አቋቋሙ። ዶላር ከገበያ ስለጠፋ ማኅበሩ ለአባላቱ ድካም የሚከፍለው በራሱ ወረቀት ነበር፤ አባላቱም በወረቀቱ ከማኅበሩ ዘንድ ምግብና ለኑሮ የሚያስፈልጋቸውን ያገኙ ነበር። እንግዲህ የችግር ገንዘብ የጀርመን ብቻ ሥራ አይደለም፤ በሄነፒን መንገድ አካባቢም ተዘዋውሯል። ይህን ወረቀት ዋጋ የሰጠው ከጀርባው የቆመው የሰው ጉልበት ነው፤ ያን ጉልበት ደግሞ የትኛውም የዋጋ ዝርዝር አይመዘግበውም።

የእኛ ታሪክ ከወረቀት ጋር ቶሎ አልተዋደደም። «ብር» የሚለው ስማችን ራሱ የማዕድኑ ስም ነው። አያቶቻችን ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት የ1780 ዓመት የተቀረጸበትን ጠገራ ብር አምነው፣ በእቴጌይቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ፈርጦች ቆጥረው ይቀበሉ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 በፓሪስ ያስቀረጹትን የራሳቸውን ብር እንኳ ገበያው ወዲያው አላመነውም። ለዝርዝር አሞሌ ጨውና ጥይት ይሠራ ነበር፤ ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስለዚህ ደጋግመው ጽፈዋል። የአቢሲኒያ ባንክ በ1915 ወረቀት አወጣ፤ ተቀባዩ ግን ጥቂት ነበር። ከ1936 በኋላ የጣሊያን ሊሬ መጣ፣ ከ1941 በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተከተለው። በሐምሌ 1945 የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ያለበት የኢትዮጵያ ዶላር ሲወጣ ወረቀቱን ያስከበረው አብሮት የወጣው የ50 ሳንቲም የብር ሳንቲም ነው፤ ሕዝቡ ማዕድኑን በጥርሱ እየነከሰ ወረቀቱን ለመደው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ከዚያ ወዲህ ሀገራችን የወረቀት ገንዘቧን ሦስት ጊዜ ከሥር ለውጣለች። በ1969 ዓ.ም. ደርግ የንጉሡን ወረቀት ሽሮ «ብር» የሚለውን ስም ሕጋዊ አደረገ። በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋን ባወጣችበት ወቅት ኢትዮጵያም አዲስ ወረቀት አወጣች፤ በኤርትራ ሲዘዋወር የኖረው ብር ጉዳይ የሁለቱን መንግሥታት ጠብ ካባባሱት አንዱ ሆነ፤ በግንቦት 1998 ጦርነት ተነሣ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ደግሞ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ወረቀቶች ተለወጡ፣ የ200 ብር ወረቀት ተጨመረ፣ ለመለወጫ ሦስት ወር ተሰጠ። ሦስቱ ወር ሳያልቅ በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ በክልሉም ባንኮች ተዘጉ።

ለእያንዳንዱ ለውጥ መንግሥታቱ ምክንያት ነበራቸው፤ የተከማቸ ገንዘብን ወደ ባንክ ማስገባት፣ ሐሰተኛ ወረቀትን መከላከል፣ ሉዓላዊነትን ማስከበር ብለዋል። ምክንያቱ ባዶ ነው አልልም። ዳሩ ግን የጀርመን ከተሞችን ትርፍ ያስተማረን ሕግ እዚህም ይሠራል፤ ሳይመለስ የቀረ ወረቀት ሁሉ ለአውጪው የተሰረዘ ዕዳ ነው። ልዩነቱ የባለገንዘቡ ፈቃድ ነው። የቢለፌልድን የሐር ወረቀት የገዛ ሰው ዕዳውን በፈቃዱ ማረ፤ በምትኩ የሚያየው ሥዕል አገኘ። ከባንክ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ የሚኖር ገበሬ፣ በሱዳን መጠለያ የነበረ ስደተኛ፣ እስር ቤት የነበረ ሰው ግን ማንንም አልማረም። ቅድም በልባችሁ ያዙልኝ ያልኳት የግርጌ መስመር ይህች ናት። ማስታወቂያው ወጣ፤ ጋዜጣው እርሱ ዘንድ አልደረሰም።

ገንዘብ በተሻለ ሥርዓት ሊለወጥ እንደሚችል ተማሪ ሆኜ አይቻለሁ። በሐምሌ 1 ቀን 1990 የምሥራቅ ጀርመን ማርክ በምዕራቡ ተተካ። ደመወዝ አንድ ለአንድ ተለወጠ፤ ቁጠባ እንደ ዕድሜ ለሕፃን እስከ 2,000፣ ለጎልማሳ እስከ 4,000፣ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ እስከ 6,000 ማርክ አንድ ለአንድ፣ ከዚያ በላይ ሁለት ለአንድ ሆነ። ልውውጡ በባንክ ሒሳብ በኩል ብቻ ስለነበር ቀድሞ ሒሳብ የሌለው ሰው ከፈተ። ከዚያ በኋላ የተከተለው ሥራ አጥነት ብዙ አስለቅሷል፤ ቢሆንም አሮጊቷ በመሐረብ የቋጠረችው አልቀለጠም። የተሻረው ወረቀት 3,000 ቶን ያህል ሆኖ በሐልበርሽታት አጠገብ በዋሻ ተቀበረ። ሌቦች ዋሻውን ሰብረው በመግባታቸው በ2002 ወጥቶ ተቃጠለ። ዛሬ ከዚያ ዋሻ የወጡ ወረቀቶች በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ፤ ዕዳቸው የተከፈለ ስለሆነ ያለ ኀዘን ሊታዩ ይችላሉ።

የእኛን አሮጌ ወረቀት ግን ያለ ኀዘን ማየት ልማድ እያደረግነው ነው። በውጭ ሀገር ባሉ ምግብ ቤቶቻችንና ሳሎኖቻችን የጃንሆይ ወረቀት በመስታወት ተሰቅሎ ይታያል፤ የሚፈለገው ንጹሑ ነው፤ ሲታይም «ደጉ ዘመን» ይባላል። በ1969 ዓ.ም. ያን ወረቀት ይዞ የቀረው ማን እንደነበረ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። ጊዜው ያለፈበት ወረቀት በግድግዳችን ላይ የተሰቀለው አንድ ሰው ሳይለውጠው ስለቀረ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፈፍ ያልተከፈለ ደረሰኝ ነው።

በሴንት ፖል አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አውቃለሁ። በመሐረብ የቋጠሯቸው ስድስት የ100 ብር ወረቀቶች አሏቸው፤ በደርግ ዘመን የወጡ፣ በ1990 ዓ.ም. የተሻሩ ናቸው። በዚያን ጊዜ እርሳቸው በኬንያ መጠለያ ነበሩ። ገንዘቡ የአንድ በሬ ዋጋ ነበር፤ በሬው የተሸጠው ልጃቸውን ለመንገድ ለማዘጋጀት ነው። አንድ ነጋዴ ወረቀቶቹን አይቶ እጥፋታቸው ስለበዛ ዋጋ እንደማያወጡ ነገራቸው። «እማማ፣ ታዲያ ለምን ያስቀምጧቸዋል?» ብላቸው «በሬዬ እኮ ነው ልጄ» አሉኝ። የሰብሳቢ ሚዛን ለዚህ መልስ ነጥብ የለውም።

ንጹሕ ወረቀትን መውደድ ነውር ነው ማለቴ እንዳይመስል። ያልወዛ ወረቀት የቀረጻውን ጥበብ ያሳያል፤ የአውጪውን ስምና ፊርማ በግልጽ ያስነብባል። ለምሳሌ ከ1945ቱ ዶላር ላይ የውጭ ሀገር የባንክ ገዥዎችን ፊርማ፣ ከ1966ቱ ላይ የምናሴ ለማን ፊርማ ያነጻጸረ ሰው፣ ባንካችን በማን እጅ እንደነበረና ወደ ማን እንደተሻገረ ይማራል። አርኖልድ ኬለር የጀርመንን የችግር ገንዘብ ከተማ በከተማ ባይመዘግቡ ኖሮ ግማሹ ዛሬ ከየት እንደመጣ አይታወቅም ነበር። ዝርዝር ማውጣት ትልቅ ሥራ ነው። የምቃወመው ዝርዝሩ አውጪውን፣ ዓመቱንና ዋጋውን ብቻ መዝግቦ ያዡን መርሳቱን ነው። ወረቀት ገንዘብ የሁለት ወገን ውል ነው፤ የውሉን አንዱን ወገን ብቻ የሚጽፍ ታሪክ የአበዳሪውን ስም የፋቀ ታሪክ ነው።

ይህ ጉዳይ ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም። የ1969ኙን ለውጥ በጉልምስናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ናቸው። ልጆቻቸው ሣጥኑን ሲከፍቱ ወረቀቱን ያገኛሉ፤ በሬውን ግን አያገኙም። በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲተው አንዱ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል፤ ወረቀታችን የያዘውን መልቀቁን አላቆመም፣ የሚጻፈውም ታሪክ ገና አላለቀም።

ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ከተሞች ለምንሰበስብ ወገኖቼ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ወረቀት ጋር አንድ ቁራጭ ወረቀት ይቀመጥ፤ ማን ያዘው፣ ከየት ይዞት ወጣ፣ ምን ሊገዛበት ነበር፣ ለምን ሳይለወጥ ቀረ የሚሉት አራት ጥያቄዎች ይመለሱበት። ባለቤቱ ስሙ እንዲጻፍ ካልወደደ ወረዳውና ዓመቱ ይበቃል። ወረቀቱ አይታጠብ፣ እጥፋቱ በብረት አይተኮስ፤ የመርፌው ቀዳዳ አይደፈን። ሲሞላም ማስቀመጫ ቦታ አለ። የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ከ1965 ጀምሮ የስደተኞችን ደብዳቤና ሰነድ የሚሰበስብ ማዕከል አለው፤ ሰነዶቹ በኤልመር አንደርሰን ቤተ መጻሕፍት ሥር፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ገደል ውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ ይጠበቃሉ።

ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2013 ዓ.ም. ለውጥ ድረስ በ100 ብር ጀርባ ላይ ማይክሮስኮፕ የሚመለከት ሰው ተሥሎ ነበር። ከእማማ መሐረብ በወጡት ስድስት ወረቀቶች ላይ እጥፋቱ በዚያ ሰው ፊት ላይ አልፎ ቀለሙን አስለቅቆታል፤ ማይክሮስኮፑ ግን እስካሁን በደንብ ይታያል።